ስለ ዘጌ ደን በተጻፉ ሦስት ሥራዎች ላይ የቀረበ አስተያየት

በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከባሕር ዳር ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ ዘልቆ የገባው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በገዳማቱና በደኑ የታወቀ ነው። ከአፋፍ ገበያ ወዲህ ያለው አገር እንደ ሌላው የጎጃም ምድር በበሬ ታርሶ እህል ሲዘራበት፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን በዛፍ የተሸፈነ ነው። የዚህ ልዩነት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ የአገሩ ትውፊት የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው፤ ይኸውም ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በተቀበሉት ቃል ኪዳን መሠረት በዘጌ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ ስለ ሆነ ነው የሚል ነው። ሕዝቡም ከጥንት ጀምሮ የሚተዳደረው በዛፎቹ ጥላ ሥር በሚያፈራው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው።

ስለዚህ ደን በቅርብ ዘመን ከተጻፉት ጥናቶች ሦስቱ በተለይ ሊመረመሩ የሚገባቸው ናቸው። አንደኛው የታሪክ ሊቅ አብዱሰመድ አሕመድ በ1996 ዓ.ም. በአፍሪካ ታሪክ ጥናት መጽሔት ላይ ያወጡት፣ ከ1900 እስከ 1935 የነበሩትን የዘጌ ካህናት ቡና ተካዮችና ባሪያ አሳዳሪዎች የሚመለከተው ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው ዓለምነው አለልኝ፣ ደመል ተከታይ፣ ዮናስ የምሻውና ሱ ኤድዋርድስ በ2007 ዓ.ም. ስለ ዘጌ እንጨታማ ዕፀዋት ዓይነትና ስለ ዳግም እድገታቸው ሁኔታ ያሳተሙት ጥናት ነው። ሦስተኛው ቶም ቦይልስተን በ2018 ዓ.ም. ያሳተሙት፣ አርእስቱ በአማርኛ «በግብዣ ላይ የተገኘው እንግዳ» ሊባል የሚችል፣ በኦርቶዶክሳዊው የዘጌ ማኅበረሰብ ዘንድ ስላለው ክልከላና አማላጅነት የሚናገር መጽሐፍ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሦስቱ ሥራዎች በሦስት ልዩ ልዩ የትምህርት ዘርፎች የተጻፉ ስለ ሆኑ አንዱን በሌላው መለኪያ መንቀፍ ፍትሐዊ አይሆንም። ነገር ግን ጎን ለጎን አድርጎ ላነበባቸው ሰው አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄውም፦ የዘጌን ደን የጠበቀው ምንድን ነው? የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ክልከላው ጠበቀው» የሚል ነው። ይህ መልስ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ክልከላ የማይደረገውን ነገር ይናገራል እንጂ ሲደረግ የኖረውን አይናገርም። በዘጌ ሲደረግ የኖረው ደግሞ ብዙ ነው፤ ያደረጉትም ሰዎች ሁሉ በአንድ ዐይነት ክብር አልተነሡም። የዚህ አስተያየት ዓላማ የደኑ ታሪክ ከሠራተኞቹ ታሪክ ተለይቶ ሊጻፍ እንደማይገባው ማስረዳት ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። «ገዳም» የሚለው ቃል ዛሬ በአማርኛ የመነኮሳት መኖሪያ ማለት ቢሆንም በግእዝ መጀመሪያ የሚያመለክተው ዱርን፣ በረሓን፣ ሰው ያላረሰውንና ያልሰፈረበትን ምድር ነው። የዱር አውሬ «አርዌ ገዳም» የተባለውም ስለዚህ ነው። መነኮሳቱ ከዓለም ርቀው ወደ ዱር ስለ ገቡ የዱሩ ስም የመኖሪያቸው ስም ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ዘጌ ገዳም ሲባል ሁለቱም ትርጕሞች በአንድነት ይሰማሉ፤ የጸሎት ቦታም ነው፣ ያልታረሰ ምድርም ነው። አንባቢው ግን ከዚህ ተነሥቶ «ያልታረሰ» ማለት «ሰው ያልሠራበት» ማለት ነው ወደሚል ሐሳብ በቀላሉ ይንሸራተታል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የባላገሩ ቋንቋ በዚህ ረገድ ከሊቃውንቱ ቋንቋ ይልቅ ጥንቁቅ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ገበሬ ሰው የተከለውን ተክል፣ ማንም ሳይዘራው በወፍ ወይም በነፋስ መጥቶ የበቀለውን «ወፍ ዘራሽ»፣ ከሰው እጅ ርቆ የሚገኘውን ደግሞ «የዱር» ብሎ ይለያል። ከዚህም ሌላ ሰው ሲንከባከበው ቆይቶ የተወው ቦታ አረምና ቍጥቋጦ ሲወርሰው «ዳዋ ለበሰ» ወይም «ዳዋ በላው» ይላል። ዳዋ ከደን ጋር አንድ አይደለም፤ ዳዋ የሥራ መቋረጥ ምልክት ነው። አንድ የቡና ቦታ ጥቂት ዓመት ሳይመነጠር ቢቀር ባለቤቱ «ደን ሆነልኝ» ብሎ አይደሰትም፤ «ዳዋ ዋጠው» ብሎ ያዝናል። በዘጌ ያለውን ዕፀዋት ለመመርመር የሚነሣ ሰው እነዚህን አራት ስሞች ቢይዝ «የተፈጥሮ ደን» ከሚለው አንድ ስም ይልቅ ይጠቅሙታል።

አሁን ወደ ሥራዎቹ እንመለስ። ከ2007ቱ የዕፀዋት ጥናት ብንጀምር፣ የዘጌን እንጨታማ ዕፀዋት በሳይንስ ስማቸው ለይቶ ማስፈሩና ችግኞች ምን ያህል እየተተኩ እንደ ሆነ መጠየቁ ትልቅ አገልግሎት ነው። አንድ ደን ዛሬ ለምለም ሆኖ ቢታይ ነገ እንዲኖር ማረጋገጫ አይሆንም። ሽማግሌ ዛፎች ብቻ ቆመው ችግኝና ለጋ ዛፍ ከጠፋ ደኑ ለዐይን ሙሉ ሆኖ ሳለ በውስጡ እየሞተ ነው። ይህን በቍጥር ማሳየት የሚቻለው በእንዲህ ያለ ጥናት ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ቍጥሩ ራሱ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ቡና በዱርነቱ የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ አገር ርጥብ ደኖችና በባሌ ሐረና ደን ነው፤ የጣና አካባቢ የትውልድ ቦታው አይደለም። ሎሚም ከእስያ የመጣ ተክል ነው። ጌሾ በአገራችን ደኖች በዱርነት የሚገኝ ቢሆንም በየጓሮው የሚተከል ነው። ስለዚህ በዘጌ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር የሚታየው ሁለተኛው ፎቅ በብዛት የሰው እጅ ያመጣው ነው። ዛሬ የቡናው ፍሬ ወድቆ ወይም ወፍና ዝንጀሮ ጥሎት በራሱ ቢበቅል ወፍ ዘራሽ ይባላል እንጂ የዱር ቡና ሊባል አይገባውም።

ከላይ ያሉት ዛፎችም ቢሆኑ ከሰው ፈቃድ ውጭ አልቆሙም። በጣና ዳርቻ ደኖች ከታወቁት ዛፎች ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሰሳ፣ ብሳናና ዋርካ የየራሳቸው አገልግሎት አላቸው። ዋንዛ ለደጃፍ ሳንቃና ለከበሮ ይሆናል፤ ፍሬው ይበላል፣ አበባው ንብ ይጠራል። ብርብራ ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲበተን ዓሣን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ የጣና ዓሣ አጥማጆች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ከዚህም በላይ ብርብራና ሰሳ ለቡና ጥሩ ጥላ ናቸው፤ ሥራቸውም መሬቱን ያዳብራል። ቡና ያለው ሰው ሥሩን ሲመነጥር የትኛውን ችግኝ እንደሚያስቀርና የትኛውን እንደሚቈርጥ ይመርጣል። በደኑ ውስጥ ችግኝ ያነሰው ከብት ስለ በላው ወይም ዝናብ ስለ ጐደለው ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ለብዙ ትውልድ የመንጣሪው ገጀራ በየዓመቱ የሰጠው ፍርድ ውጤትም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የችግኝ ቈጠራ ከመንጣሪው ጋር ካልተነጋገረ ምክንያቱን ትቶ ውጤቱን ብቻ መመዝገብ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው የአብዱሰመድ አሕመድ ጽሑፍ አስፈላጊነቱ የሚገለጠው። ጽሑፉ የሚያስረዳው ሃያኛው መቶ ዓመት ከገባበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ጣልያን ወረራ ዋዜማ ድረስ ዘጌ የቡና አገር እንደ ነበረ፣ ቡናውን ካስተከሉትና ከተጠቀሙበት መካከል ካህናት እንደ ነበሩበት፣ ሥራው ግን በብዙ በኩል በባሮች ጕልበት ይካሄድ እንደ ነበረ ነው። ቡና በማረሻ አይሠራም፤ ነገር ግን ያለ ሥራ አይገኝም። ሥሩ ይመነጠራል፤ ጥላው የበዛበት ዛፍ ይመለመላል፤ ፍሬው አንድ በአንድ በእጅ ይለቀማል፤ ይሰጣል፣ ይወቀጣል፣ ወደ ገበያ ይጓጓዛል። በሬ በሌለበት አገር ይህን ሁሉ የሚሸከመው የሰው ትከሻ ነው። ስለዚህ በበሬ ማረስ የተከለከለበት ምድር ሰው እንደ በሬ የደከመበት ምድር ሆኖ መገኘቱ የዘጌ ታሪክ ከባዱ ገጽ ነው።

የአገሩ ሕግ በባርነት ላይ የተለወጠው ቀስ በቀስ እንደ ነበረ ይታወቃል። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በ1924 ባሮች በደረጃ ነጻ የሚወጡበት ዐዋጅ ወጣ፤ በ1931 ሌላ ሕግ ተጨመረበት፤ በመጨረሻም በ1942 ባርነት ፈጽሞ እንዲቀር ታወጀ። ይህ ጊዜ ሩቅ አይደለም። ለዛፍ ዕድሜ ደግሞ እጅግ ቅርብ ነው። ዛሬ በዘጌ ቆመው ከሚታዩት ትልልቅ ዛፎች መካከል በእነዚያ ሰዎች ገጀራ ፊት ችግኝ ሆነው ያለፉ አሉ ብሎ መገመት ከአእምሮ የራቀ አይደለም። ደኑ ለተሳላሚውና ለጐብኚው «በጸሎት የተጠበቀ» ተብሎ ሲነገርለት የእነዚህ ሰዎች ድርሻ ከነገሩ ይወጣል።

ይህ ጽሑፍ ያለው ጕድለት የሚመጣው ከአነሣው ጥያቄ ወሰን ነው። ጸሐፊው የመረመሩት የሥራንና የንግድን ታሪክ ስለ ሆነ ዛፎቹ በስተ ጀርባ ቀርተዋል፤ ቡናው ሸቀጥ ሆኖ ይታያል እንጂ ከሌሎች ዕፀዋት ጋር የሚኖር ተክል ሆኖ አይታይም። ታሪኩም በ1935 ላይ ስለሚቆም ከዚያ በኋላ ነጻ የወጡት ሰዎች ከቡናው ቦታ ጋር ምን ዐይነት ግንኙነት እንደ ኖራቸው ለሌላ ተመራማሪ የተተወ ጥያቄ ነው።

ይህን ክፍተት በከፊል የሞላው የቦይልስተን መጽሐፍ ነው። ደራሲው በዘጌ ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው የሕዝቡን ጾምና በዓል፣ የቀብርና የዝክር ሥርዓት፣ ስለ ቡዳ የሚነገረውንና በቤተ ክርስቲያንና በምእመናን መካከል ያለውን ግንኙነት በጥሞና መርምረዋል። ሁሉንም የሚያያይዙበት ዋና ሐሳብ ክልከላ ነው፤ ይኸውም ሰው ወደ ቅዱስ ነገር የሚቀርበው በመከልከልና በአማላጅ በኩል ነው የሚል ነው። በዚህ ዐይን ሲታይ የጾም ሥርዓትና የማረስ ክልከላ የአንድ አስተሳሰብ ሁለት ገጾች ይሆናሉ። ይህ ማስተዋል ለኢትዮጵያ ክርስትና ጥናት ትልቅ ስጦታ ነው። በተለይም ደራሲው ከምዕራፎቻቸው አንዱን ስለ ደም፣ ስለ ብርና ስለ ቡና መድበው የቦታው ቅድስናና የባርነቱ ታሪክ ተለያይተው ሊነገሩ እንደማይችሉ ማስረዳታቸው ሊመሰገን ይገባል። እንዲህ ያለውን ነገር በእንግድነት የተቀበለን ማኅበረሰብ ሳያዋርዱ መጻፍ ቀላል አይደለም።

ሆኖም ሁለት ነገሮችን እንነቅፋለን። የመጀመሪያው፣ ዕፀዋቱ በመጽሐፉ ውስጥ ለራሳቸው ምዕራፍ አላገኙም። ቡና ለንግዱና ለሥርዓቱ ሲል ይነሣል፤ ደኑም የሃይማኖቱ መድረክ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን የክልከላው ፍሬ በዐይን የሚታየው በዕፀዋቱ ላይ ነው። የትኛው ዛፍ በገዳሙ ፈቃድ ብቻ ይቈረጣል? የወደቀ ዛፍ የማን ነው? ደረቅ እንጨት መልቀም ለማን ይፈቀዳል? እነዚህ ጥያቄዎች የክልከላን ትምህርት ከመጽሐፍ ወደ መሬት ያወርዱት ነበር። ሁለተኛው፣ ክልከላ የመጽሐፉ ገዥ ሐሳብ ስለ ሆነ ሥራ በአንድ ምዕራፍ ጐልቶ ከታየ በኋላ በሌሎቹ ይደበዝዛል። እኛ ግን ክልከላውና ሥራው አንድ ሥርዓት ናቸው እንላለን። የበሬው መከልከል የሰው ጕልበት ዋጋ ከፍ እንዲል አደረገ፤ የሰው ጕልበት መገኘትም ክልከላውን ሊኖሩበት የሚቻል ሕግ አደረገው። እህል የማያርስ ሕዝብ እህሉን የሚገዛው በቡናውና በጌሾው ዋጋ ነው፤ ቡናውን የሚለቅም እጅ ከጠፋ ክልከላው ረኃብ በሆነ ነበር።

ለዚህ አሳብ ተቃራኒ የሚመስል ማስረጃ ከሐይቁ ማዶ ሊጠቀስ ይቻላል። በደቡብ ጎንደር ብዙ አድባራት ዙሪያቸውን በትንንሽ ደን የተከበቡ ናቸው፤ ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 ዓ.ም. ባቀረቡት የዶክተርነት ጥናት 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን መርምረው 168 ዐይነት እንጨታማ ዕፀዋት አግኝተዋል። በእነዚህ ደኖች ቡና ዋና ሀብት አይደለም፤ የባሪያ ጕልበትም እንደ ዘጌ አይነሣም። ታዲያ ደኖቹን የጠበቀ የቦታው ክብር ብቻ አይደለምን? የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ ከዚያው ጥናትና ከተከተሉት ሥራዎች ይገኛል። ከብት እየገባ ችግኙን ሲረግጥና ሲበላ ደኖቹ ከዳር ወደ መሐል እየሳሱ ስለ ሄዱ፣ በልዩ ልዩ ደብሮች ሕዝቡ ድንጋይ እየለቀመ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ መሥራት ጀመረ። ካቡ ሥራ ነው። ክብር ብቻውን ላም አልመለሰም፤ ክብር ሰውን ድንጋይ አሸከመና ካቡ ላሚቱን መለሰ። ስለዚህ የደቡብ ጎንደር ምሳሌ አሳባችንን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ልዩነቱ በዚያ ድንጋዩን የተሸከመው ምእመን በራሱ ፈቃድ መሥራቱና ስሙም በበጎ መነሣቱ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው። «የደኑን ታሪክ ከባርነት ጋር ማያያዝ የገዳሙን ክብር ያቀላል፤ ክብሩ ከቀለለ ደግሞ መጥረቢያው ይበረታል» የሚሉ አሉ። ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ ደን የሚያልቀው ሰው ማክበሩን ሲተው ነውና። ነገር ግን ዝምታው የሚያስከትለውን ጕዳት ደግሞ እንመልከት። በ2015 ዓ.ም. የጣና ሐይቅ አካባቢ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል። ለእንዲህ ያለው ክልል ደንብ የሚያወጡ ሰዎች «ዘጌን ክልከላ ጠበቀው» የሚለውን ብቻ ካነበቡ የሚያወጡት ደንብ ሌላ ክልከላ ይሆናል። እንጨት አትቍረጡ፣ አትሽጡ ይላሉ። ከደኑ ማገዶ ለቅሞ በታንኳ ወይም በጀርባ እያጓጓዘ ባሕር ዳር የሚሸጠው ግን ብዙውን ጊዜ ከቡናው በቂ ድርሻ የሌለው ሰው ነው። የቡናው ድርሻ እንዴት እንደ ተከፋፈለ፣ ማን ባለቦታ ሆኖ ማን ሠራተኛ ሆኖ እንደ ቀረ ሳይታወቅ የሚወጣ ክልከላ የጥንቱን ሸክም በዚያው ትከሻ ላይ መልሶ የሚጭን ሊሆን ይችላል። የታሪኩ መነገር የሚያስፈልገው ገዳሙን ለማሳፈር ሳይሆን ደንቡ ፍትሐዊ እንዲሆን ነው። ፍትሐዊ ያልሆነ ደንብ ደግሞ በሌሊት ይጣሳል።

ለአዲሱ ጥናት ምሳሌ የሚሆን ነገር በራሳችን ሥነ ጽሑፍ ውስጥ አለ። የደብተሮቻችን የመድኃኒት መጻሕፍት፣ ከእነርሱም ስቴፋን ስትረልሲን በ1968 ዓ.ም. ያሳተሟቸው፣ ዕፅን ብቻውን አይጠሩም። የዕፁ ስም ከተነገረ በኋላ የሚፈለገው ሥሩ ይሁን ቅጠሉ ወይም ልጡ፣ በምን ቀን እንደሚነቀል፣ ነቃዩ ምን ምን ማድረግ እንዳለበት ይነገራል። መድኃኒትነቱን ለሳይንስ ምርመራ ትተን አጻጻፉን ብቻ ብንመለከት አንድ ትምህርት እናገኛለን፤ ዕፅ ከእጅ ተለይቶ አይጻፍም። እርግጥ እነዚህ መጻሕፍት የሚያስታውሱት የዐዋቂውን እጅ ነው፤ የመንጣሪውንና የለቃሚውን እጅ አያስታውሱም። ለእኛ የቀረው ሥራ አጻጻፉን ወስደን ወደ ተረሱት እጆች ማስፋት ነው።

ስለዚህ በዘጌ ላይ ለመሥራት ለሚያስቡ ተማሪዎች ሦስት ተግባሮችን እናመለክታለን።

1ኛ፤ ዕፀዋቱ ሲመዘገቡ ከሳይንስ ስማቸውና ከአገር ስማቸው አጠገብ የተተከለ፣ ወፍ ዘራሽ ወይም የዱር መሆናቸው፣ ሲመነጠርም የሚቀሩ ወይም የሚቈረጡ መሆናቸው ይጻፍ። ይህንንም የሚናገረው ባለቦታው ብቻ ሳይሆን ገጀራ ይዞ የሚሠራው ሰው ጭምር ይሁን። ሁለቱ የሚሰጡት መልስ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ልዩነቱም ራሱ ማስረጃ ነው።

2ኛ፤ የአንዳንድ ቡና ቦታዎች ታሪክ ከአባት ወደ ልጅ እስከሚታወስበት ድረስ ይሰብሰብ። ማን ተከለው፣ ማን መነጠረው፣ ማን ለቀመው፣ እንዴት ተከፋፈለ ተብሎ ይጠየቅ። የባሪያ ዘር መባል ሰውን በጋብቻና በማኅበር የሚጐዳ ስድብ ሆኖ ስለሚኖር፣ ጠያቂው ስም ከማውጣትና ሰውን በአደባባይ ከመለየት ይጠበቅ። የሥራውን ታሪክ ለመጻፍ የልጅ ልጆቹን ስም ማተም አያስፈልግም።

3ኛ፤ የክልከላው ዝርዝር ሕግ በቃል ከሚያውቁት መነኮሳት፣ ካህናትና ምእመናን ተሰምቶ ይጻፍ። በውራ ኪዳነ ምሕረት፣ በአዝዋ ማርያምና በይጋንዳ ተክለ ሃይማኖት አጥቢያዎች የሚነገረው አንድ ዐይነት መሆኑና አለመሆኑ ይመርመር። ክልከላው በየትኛው ዛፍና በየትኛው ቦታ እንደሚጠብቅ፣ የት እንደሚላላ፣ ለማንስ እንደሚላላ ሲታወቅ ስለ ቅድስናና ስለ ጥቅም የሚደረገው ክርክር በጽኑ መሬት ላይ ይቆማል።

ሦስቱ ሥራዎች እያንዳንዳቸው ከዚህ ተግባር አንድ አንድ ክፍል ፈጽመዋል፤ አንደኛው ዕፀዋቱን ቈጥሯል፣ ሁለተኛው ጕልበቱን ገልጧል፣ ሦስተኛው ሕጉን ተርጕሟል። ከእንግዲህ ወዲህ የሚመጣው ተመራማሪ አንዱን ዋንዛ ይዞ ችግኙን ማን እንዳስቀረው፣ ጥላው ለማን ቡና እንደ ዋለ፣ ቢወድቅ ሳንቃው ለማን እንደሚገባ በአንድነት ቢጠይቅ፣ ስለ ዘጌ ደን እስከ ዛሬ ከተጻፈው የተሟላ መልስ ያገኛል ብለን እናምናለን።